የቅያሳችን የቆሻሻ ጋሪ እንዳይቀር ምን እናድርግ?

ባለቅያሱ — ጥቅምት 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ጎጃም ውስጥ ነው። የከተማዬንም ሆነ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ስም የማልጽፈው ማንንም ለማሳጣት ስላልመጣሁ ነው። የመጣሁት መላ ፍለጋ ነው።

ቅያሳችን ከዋናው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ ተገንጥሎ ቁልቁል እስከ ወንዙ ይወርዳል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 61 በር አለ፤ ትናንት ማታ እየዞርኩ ቆጥሬዋለሁ። ከአንዳንዱ በር ጀርባ ሦስትና አራት ቤተሰብ ይኖራል። ላለፉት ስድስት ዓመታት አምስት ሴቶች ያሉበት የጽዳት ማኅበር ማክሰኞና ቅዳሜ ጋሪ እየገፋ ይገባልናል። ፊሽካ ሲነፋ ማዳበሪያችንን ይዘን እንወጣለን፤ በወር 20 ብር እንከፍላለን።

ባለፈው ሰኞ በቅያሱ አፍ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጋሪ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች አይገባም፤ ነዋሪው ቆሻሻውን ራሱ ተሸክሞ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ገንዳ ይውሰድ ይላል። ከቤታችን እስከ ገንዳው ሄጄ አየሁት። 15 ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ያውም ዳገት፣ ያውም ባዶ እጄን። ከጎናችን ያሉት እማሆይ በምርኩዝ ተደግፈው ቤተ ክርስቲያን መድረስ የሚያቅታቸው ቀን አለ። ከእሳቸው በታች ያለችው ጎረቤታችን አራስ ናት፤ ባሏ ለሥራ መተማ ወርዷል። እነዚህ ሰዎች ማዳበሪያ ተሸክመው ዳገት ሊወጡ ነው?

ጋሪው ሲቀር ምን እንደሚሆን መገመት አያስፈልገንም፤ አይተነዋል። በነሐሴ የጋሪው ጎማ ተሰብሮ ለሦስት ሳምንት ሳይመጣ ቀርቶ ነበር። ሰዉ ማዳበሪያውን ከባሕር ዛፉ አጥር ሥር መደርደር ጀመረ። በሁለተኛው ሌሊት ውሾች ቀደዱት። በአራተኛው ሌሊት ዝናቡ ጠርጎ ወደ ቱቦው ከተተው፤ ቱቦው ሲደፈን ውሃው ዞሮ አራት ቤት ገባ። እኔና ሁለት የሰፈር ልጆች በዶማ ስንከፍተው ያወጣነው ነገር አሁንም ዓይኔ ላይ አለ፦ እርስ በርሱ እንደ ጅማት የተቋለፈ ፌስታል፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የጀበና አንገት፣ አንድ የሕፃን ጫማ። ፌስታሉ በእጅ ቢጎተት አልበጠስ ብሎ በማጭድ ነው የቆረጥነው።

ጋሪው እንዲቀጥል መታገል እፈልጋለሁ፤ ግን ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ፊርማ እናሰባስብ? በእድር በኩል እንሂድ? በሌሎች የጎጃም ከተሞች ተመሳሳይ ነገር ገጥሟችሁ ያለፋችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።


የገንዳ ሾፌር — ጥቅምት 19

ወንድሜ ባለቅያሱ፣ ጭንቀትህ ይገባኛል። ገንዳ የሚያነሳ መኪና ለ11 ዓመት ነድቻለሁ፤ በአንተ ከተማ ሳይሆን በሌላ። ነገሩ ከእኛ ከሾፌሮቹ በኩል ምን እንደሚመስል ልንገርህ።

ያ መኪና ቅያስ አይገባም። ገንዳውን በሰንሰለት አንስቶ ጀርባው ላይ ለመጫን ከኋላው ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ከላዩም የመብራት ሽቦ የሌለበት ክፍት ሰማይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከቤት እስከ ገንዳ ያለውን መንገድ የሚሞላው የሰው ጉልበት ብቻ ነው፤ ወይ የማኅበሩ ጉልበት፣ ወይ የነዋሪው።

ነዋሪው ራሱ ያምጣ ሲባል ያየሁትን ልንገርህ። የሚላከው ልጅ ነው። የገንዳው ከንፈር ከልጁ አናት በላይ ነው። ልጁ አይደርስበትም፤ እግሩ ሥር አስቀምጦት ይሮጣል። ከሳምንት በኋላ ገንዳው ግማሽ ሳይሞላ ዙሪያው ክምር ይሆናል። መኪናው ገንዳውን ያነሳል እንጂ መሬቱን አያነሳም፤ ክምሩን በአካፋ የሚዝቅ ሰው ካልተመደበ ገንዳው ራሱ መድረሻ ያጣል። በዚያ ላይ አመዱ። ፍም ያለበት አመድ እየተደፋበት ሌሊቱን ሙሉ ሲጨስ ያደረ ገንዳ ስንት ጊዜ ውሃ አፍስሼ አንስቻለሁ።

እና የቤት ለቤቱ መሰብሰብ ቢቀር ለከተማውም አይበጅም፤ በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ጋሪ የሚገፉት ሴቶች መግባት ለምን እንዳስጠላቸው ጠይቃችኋቸዋል?


ባለቅያሱ — ጥቅምት 19

አልጠየቅናቸውም። ስድስት ዓመት ሙሉ በራችን ላይ ሲመጡ የአንዷን እንኳ ሙሉ ስም አላውቅም። ቅዳሜ እጠይቃቸዋለሁ።


አንቀጽ — ጥቅምት 20

በሕግ በኩል የምታውቁት ቢኖር ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ እሱን በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ጉዳይ ላይ አስተያየቱን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል።

ከዚህ የቀረበው ዘንድሮ በ2012 ዓ.ም. በሥራ ላይ ያለው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ነው። የከተማ አስተዳደሮች የቆሻሻ አያያዝ ዕቅዳቸውን ሲያወጡም ሲፈጽሙም ዝቅተኛው የአስተዳደር እርከንና ነዋሪው እንዲሳተፍ ማድረግ አለባቸው ይላል። ምሰሶ ላይ ወረቀት መለጠፍ ማሳተፍ አይደለም፤ ማመልከቻችሁ ላይ ይህን ጻፉ።

ነገር ግን ያው አዋጅ በእናንተም ላይ ግዴታ ይጥላል። ተመልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ከሚጣለው መለየት የየቤቱ ኃላፊ ግዴታ ነው። ይህን ሳታደርጉ መብታችሁን ብቻ ብትጠይቁ ክርክሩ በአንድ እግሩ ይቆማል።


ጋሪ ገፊዋ — ጥቅምት 21

ሾፌሩ ወንድማችን የጠየቀውን እኔ ልመልስ። አራት ዓመት ከመንፈቅ ጋሪ ገፍቻለሁ። አሁን ትቼዋለሁ፤ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ሱቋን የከፈትኩት ግን ከዚያው ባጠራቀምኩት ነው። ስለዚህ ሥራውን አላማርረውም።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት እንነሳለን። ጋሪው ብረት ነው፤ የመኪና ጎማ የተገጠመለት፤ ባዶውን እንኳ ለሁለት ሴት ይከብዳል። በሐምሌ ሁሉም ነገር ውሃ ይጠጣል፤ አመዱ ሊጥ ይሆናል፣ ማዳበሪያው ያንጠባጥባል። ከታች ሞልተነው ወደ አስፋልቱ ስንወጣ ሦስታችን እንገፋለን፣ አንዷ ከኋላ ድንጋይ ይዛ ትከተላለች፤ ስንቆም ጎማው ሥር ታደርጋለች። ድንጋዩ አንድ ቀን ሾልኮ ጋሪው ወደ ኋላ ተንደረደረ፤ የጓደኛዬ እግር የዳነው አጥር ስላገኘው ነው።

ቅያሱ የሚጠብበት ቦታ ሁልጊዜ አለ። አንድ ሰው አጥሩን ትንሽ ይገፋል፣ ሌላው ደረጃ ያወጣል፣ ሌላው ማገዶ ይከምራል። ጋሪው ለጥቂት ነው የሚያልፈው። የግራ እጄ ጀርባ ላይ ከአውራ ጣቴ እስከ አንጓዬ የሚሄድ ጠባሳ አለ፤ የቆርቆሮ አጥር ነው የቆረጠኝ። የቀኝ መዳፌ ላይ ያለው ደግሞ በፌስታል ተጠቅልሎ የተጣለ ምላጭ ነው። የጣለው ሰው ክፉ አልነበረም። ፌስታሉን በእጁ የሚያነሳ ሰው እንዳለ አላሰበም።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ከ60 በር ግማሹ በጊዜው ይከፍላል። የቀረው «ነገ» ይላል፣ «ባለቤቴ የለም» ይላል፣ በር ይዘጋል። የማይከፍለውን ሰው ቆሻሻ ትተን እንዳናልፍ ያው ቅያሱ ውስጥ ይጥለዋል፤ መልሰን የምናነሳው እኛው ነን። ቆሻሻው ተነሥቶ ገንዘቡ ካልመጣ ጎማ በምን ይገዛል?

ከሁሉም በላይ ግን የሚከብደው ሌላ ነው። ፊሽካ ስንነፋ ልጆች «ቆሻሾች መጡ!» እያሉ ይሮጣሉ። እናቶቻቸው ይሰማሉ፣ ዝም ይላሉ። ቆሻሻው የማን እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ጋሪው እንዲገባላችሁ ከፈለጋችሁ እኔ የምላችሁ ይህን ነው። ማዳበሪያውን እሰሩት። አመዱን አቀዝቅዛችሁ ለብቻው አድርጉት። ምላጭና የተሰበረ ጠርሙስ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይሁን፤ ጣሳውን በእጃችሁ ስጡን። ዳገቱ ላይ ሁለት ጎረምሳ ቢያግዝ ምን ይጎዳዋል? ጠባቡን ቦታ አስፉ። ካልሰፋ ደግሞ ጠባብ ጋሪ ይሠራ። ገንዘቡን በራችን ላይ እየዞርን እንደ ለማኝ አንጠይቃችሁ፤ አንድ ሰው ሰብስቦ በአንድ ቀን ይስጠን።


ባለቅያሱ — ጥቅምት 21

እኅቴ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለባለቤቴም አነበብኩላት። እኛ ቤትም ምላጭ በፌስታል ነበር የሚጣለው። ከዛሬ ጀምሮ የቲማቲም ድልህ ጣሳ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።


የአስፋልቱ ዳር — ጥቅምት 22

እኔ ዋናው መንገድ ዳር ነው የምኖረው፤ ስለዚህ ጥቅሜ ከእናንተ የተለየ መሆኑን አልደብቅም። የእኔ በር ላይ ጋሪው ሁለት ደቂቃ ይቆማል፤ ቅያስ ውስጥ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። እኩል እየከፈልን የእኛ ሰዓት ለምን በእናንተ ዳገት ላይ ያልቃል? ቅያስ የሚኖር ሰው ትንሽ ቢራመድ ፍትሕ ይጓደላል ብዬ አላምንም። ወይም ክፍያው እንደ መንገዱ ርቀት ይለይ።


የገንዳ ሾፌር — ጥቅምት 22

ወንድሜ፣ የቅያሱ ቆሻሻ ቅያስ ውስጥ አይቀርም። ክረምት ሲመጣ በቱቦው በኩል ወዳንተ ይመጣል፤ ወይም ከአንተ በር 50 ሜትር ርቆ ባለው ገንዳ ዙሪያ ይከመራል። ዝንቡ በአጥር አይለይህም። እኔ ገንዳ ስቀይር መጀመሪያ አቤት የሚሉኝ ሁልጊዜ መንገድ ዳር ያሉት ናቸው።


የጣና ዳር — ጥቅምት 22

የክፍያው ጉዳይ በየከተማው አንድ አይደለም። ባሕር ዳር የቤት ለቤቱ ሥራ ለግል ድርጅት ተሰጥቶ ሠርቷል። አዲስ አበባ የጽዳት ክፍያ ከውሃ ቆጣሪ ክፍያ ጋር ነው የሚሰበሰበው፤ ብዙ ውሃ የሚጠቀም ብዙ ይከፍላል፤ ማኅበራቱም ገንዳ ባደረሱት ቆሻሻ መጠን፣ በሜትር ኩብ እየተለካ ሲከፈላቸው ኖሯል። የእናንተ ከተማ ሰብሳቢዎች በበር ቁጥር ብቻ የሚከፈላቸው ከሆነ ሩቅና ጠባብ ቅያስ መግባት ኪሳራ ነው። ሴቶቹ የሸሹት እናንተን ላይሆን ይችላል፤ ስሌቱን ነው የሚሆነው።


የቡሬ መምህር — ጥቅምት 23

ስለ ክብደቱ አንድ ነገር ልጨምር። ከየቤታችን ከሚወጣው ቆሻሻ ትልቁ እጅ የሚበሰብስ ነገርና አመድ ነው። የድንች ልጣጭ፣ የሽንኩርት ገለፈት፣ የቡና አተላ፣ የጌሾ እንጨት፣ የጠላ አተላ። ይህ ሁሉ ውሃ ያዘለ ነው፤ ጋሪውን የሚያከብደው ይኸው ነው። አተላው ለከብት ላለው ሰው ይሰጥ፤ ጌሾውና ልጣጩ ጉድጓድ ይግባ።

እኛ ትምህርት ቤት ጓሮ አንድ ሜትር የጠለቀ ጉድጓድ ቆፍረን፣ አንድ ረድፍ ልጣጭ፣ አንድ ረድፍ ደረቅ ቅጠል፣ ትንሽ አፈር እያደረግን እንሞላዋለን። በየሦስት ሳምንቱ ይገለበጣል። ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ጥቁር፣ የዝናብ ሽታ ያለው አፈር ይሆናል። መጀመሪያ ተማሪዎቹ በእጃቸው ሊነኩት አልፈለጉም፤ አሁን ለጎመኑ እየተሻሙ ይወስዱታል።

አመዱንስ ለምን እንጥላለን? የጎጃም ደጋ አፈር አሲዳማ ነው፤ ገበሬው ኖራ ፍለጋ የሚለፋው ለዚህ ነው። የእንጨት አመድም አሲዱን ይቀንሳል። በልኩ ከሆነ ለጓሮ ጎመንና ለነጭ ሽንኩርት መድኃኒት ነው። ባሕር ዛፍ አንድደን እንጀራ ጋግረን፣ አመዱን በሴቶች ጉልበት ዳገት አስወጥተን ገንዳ ውስጥ መድፋት ያሳዝናል። ጓሮ የሌለው ሰው ጓሮ ላለው ጎረቤቱ ይስጥ።


ከቺካጎ — ጥቅምት 24

ትውልዴ ደጀን ነው፤ የምኖረው ቺካጎ። ቅያስ የድህነት ምልክት እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው። ይህች ከተማ ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር የሚሆን ከቤቶች ጀርባ የሚሄድ ቅያስ አላት፤ ቆሻሻ የሚነሣው በዚያ ነው። ዋናው መንገድ ንጹሕ ሆኖ የሚታየው ቅያሱ ስለሚሠራ ነው። ኒው ዮርክ እንዲህ ያለ ቅያስ ስለሌለው ጥቁር ፌስታል በእግረኛ መንገድ ላይ ሲደረደር ኖሯል። ልዩነቱ እዚህ ቅያሱ ሲቀየስ ጀምሮ ለመኪናው የሚሆን ስፋት ተትቶለታል፤ የእናንተ ግን በየዓመቱ በአጥር እየተበላ የሚጠብ ነው። ስፋቱን አስከብሩ። ለጋሪው የሚሆን ገንዘብ ካስፈለገ የድርሻዬን እልካለሁ።


አዛውንቱ ከሞጣ — ጥቅምት 26

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ያበርታችሁ። እኔ የማነሣው ኅዳርን ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዓለም የስፔን ጉንፋን ያለው ወረርሽኝ አገራችን ገብቶ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ፤ ቀባሪ ጠፋ ይባላል። እኛ የኅዳር በሽታ አልነው። ያን ጊዜ በሽታው በክፉ ሽታ የመጣ መስሏቸው አባቶቻችን የየደጃቸውን ቆሻሻ ጠርገው አጠኑት። ይኸው እስከ ዛሬ ኅዳር 12 በሚካኤል ቀን ሰው ሁሉ ደጁን ይጠርጋል። እናንተ ቀጠሮ የምትፈልጉ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ቀን የላችሁም፤ በዚያ ቀን የማይወጣ ሰው የለም።


ነርሷ — ጥቅምት 26

አባታችን፣ ቀኑ ድንቅ ቀን ነው። መጥረጉን እንያዝ፤ ማቃጠሉን ግን ተዉ ብዬ በትሕትና እለምናለሁ። በእነ አያቶቻችን ዘመን የሚታጠነው ቅጠልና ጭራሮ ነበር። ዛሬ ፌስታል፣ የላስቲክ ጫማና የውሃ ኮዳ ነው። ፕላስቲክ በደጅ ሲቃጠል ዲዮክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል። በየዓመቱ ከኅዳር 12 ማግስት አስም ያለባቸው ልጆች ትንፋሽ አጥሯቸው ይመጣሉ፤ ባለፈው ዓመት አንዷን የአምስት ዓመት ልጅ ይዤ ያደርኩበት ሌሊት አይረሳኝም። ቅጠሉ ይታጠን፤ ፌስታሉ ወደ ጋሪው ይሂድ።


አዛውንቱ ከሞጣ — ጥቅምት 27

ልጄ፣ ተምሬያለሁ። እንዳልሽው ይሁን።


ባለቅያሱ — ኅዳር 1

ትናንት እሑድ የእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ነበር። ጡሩንባ ነፊያችን ከሌሊቱ ጀምሮ ዞሮ ስለነገራቸው ከወትሮው እጥፍ ሰው መጣ። ዳኛው ጉዳዩን ከመዋጮው በፊት አስቀደሙልኝ።

ቅዳሜ ከሴቶቹ ጋር ተነጋግሬ ነበር። ያሉኝ ሁሉ ጋሪ ገፊዋ እኅታችን ከጻፈችው ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ጽሑፏን በስልኬ ከፍቼ ለጉባኤው አነበብኩት። «ቆሻሾች መጡ» የሚለው ጋ ስደርስ ጸጥ አለ። አንዲት እናት ተነሥተው «ልጄ ሲል ሰምቼዋለሁ» አሉ፤ ከዚያ በላይ ሳይናገሩ ተቀመጡ።

ክርክር አልጠፋም። ከላይ ያሉት ቤቶች «እኛ ለገንዳው ቅርብ ነን» አሉ፤ አንድ አባወራ ፊርማ ብቻ አሰባስበን እንግፋ፣ ከእኛ ምንም አይጠበቅም ብለው አጥብቀው ያዙ። የእድሩ ጸሐፊ ግን አንድ ነገር አነሡ። የሞተ ሰው ስንሸኝ ድንኳን የሚሸከመው ቤቱ ቅርብ የሆነ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ።

የተስማማነው በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። ክፍያውን የእድሩ ገንዘብ ያዥ ከወር መዋጮው ጋር ሰብስቦ በወሩ መጀመሪያ ለማኅበሩ በአንድ ጊዜ ይሰጣል፤ ያልከፈለ ሰው ዕዳው በእድሩ መዝገብ ይያዛል። እማሆይንና ሌሎች ሦስት አቅም የሌላቸውን ቤቶች እድሩ ይሸፍናል። ዳገቱ ላይ የሚያግዙ ጎረምሶች በተራ ተመድበዋል። አመድ፣ ስለት ያለው ነገርና የሚበሰብሰው ይለያል። በምላሹ ማኅበሩ በሳምንት ሁለት ቀን ይገባል፤ የሚመለከተው ክፍል ደግሞ ማስታወቂያውን ለእኛ ቅያስ ለሦስት ወር ሳይፈጽም እንዲያቆይልን እንጠይቃለን። ወንድማችን «አንቀጽ»፣ የነገርከንን አዋጅ ማመልከቻው ላይ ጽፈነዋል። 58 በር ፈርሟል። ሦስቱ አልፈረሙም፤ ምክንያታቸውን አከብራለሁ።

የቀረን ጠባቡ ቦታ ነው። በሜትር ለካሁት። ከላይ 2 ሜትር ከ40 የሆነው ቅያስ መካከሉ ላይ 1 ሜትር ከ5 ይሆናል። የቆርቆሮ አጥሩ ጥግ ወደ መንገዱ ወጥቷል። የጋሪው ስፋት ከነጎማው 1 ሜትር ነው። አጥሩ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ በጉባኤው ግን ማንም ስሙን አላነሣም። የምንኖረው ጎጃም ነው፤ በድንበር ስንዝር ወንድማማች ስንት ዓመት ፍርድ ቤት እንደሚመላለስ የማያውቅ የለም።


አንቀጽ — ኅዳር 1

በክስ አትሂዱበት። መለኪያውን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ሽማግሌ ላኩ። ለጋሪ ብላችሁ የጀመራችሁት ነገር የአጥር ክርክር ከሆነ ሁለቱንም ታጣላችሁ።


ጋሪ ገፊዋ — ኅዳር 2

ጽሑፌን ጉባኤ ላይ ማንበብህን ስሰማ እንባዬ መጣ። ለእነዚያ እናት ከልብ አመሰግናለሁ በልልኝ።

ጠባብ ጋሪ የማሠራቱ ነገርም አይቅር። ሁለቱ ጎማዎች ከሳጥኑ ጎን ከሚሆኑ ከሥሩ ወደ ውስጥ ገባ ይበሉ፤ ሳጥኑ ቁመቱ ይጨመር እንጂ ወርዱ አይጨመር። ግን ሳጥኑ በጣም ከፍ ካለ፣ ተዳፋት ላይ ይገለበጣል፤ ከወገብ አይለፍ። እጀታው ላይ አሮጌ ጎማ ይጠቅለልበት፤ በጥቅምት ውርጭ ብረቱ እጅ ይይዛል።


ባለቅያሱ — ኅዳር 11

ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

ማመልከቻውን ሦስት ሆነን አስገባን። መጀመሪያ «ውሳኔ ነው» ተባልን። ቃለ ጉባኤውን፣ የክፍያውን አሰባሰብና የጎረምሶቹን ተራ ስናሳይ ኃላፊው ወንበር ሰጡን። ከማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር አንድ ላይ አነጋገሩን። እሷም «ገንዘቡ በአንድ ቀን የሚመጣና መንገዱ የሚሰፋ ከሆነ እንገባለን፤ የሸሸነው ወደን አይደለም» አለች። ሦስት ወር ለሙከራ ተፈቀደልን። በጽሑፍ፣ ከነማኅተሙ።

ሁለተኛው የአጥሩ ነገር ነው። የእድሩ ዳኛና የባለ አጥሩ የንስሐ አባት ቅዳሜ ማታ ወደ ሰውዬው ቤት ሄዱ። እኔ አልሄድኩም፤ በዕድሜ አልመጥንም። ምን እንደተነጋገሩ አልነገሩኝም። ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የመዶሻ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ሰውዬው ብቻቸውን ናቸው። የጥጉን ቆርቆሮ ነቅለው አጥሩ ላይ አስደግፈዋል፤ ቋሚውን እንጨት እየነቀነቁ ናቸው። «ጋሼ፣ ላግዝዎት?» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡ ዶማውን አቀበሉኝ። የባሕር ዛፍ ቋሚው ሥሩ በስብሶ ነበር፤ ጉድጓዱን አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ገብተን አዲስ ቆፈርን። አፈሩን ስንመልስ «አባቴ በዚህ መንገድ በቅሎ ጭኖ ያልፍ ነበር፤ እኔ ነኝ ያጠበብኩት» አሉኝ። ቡና ጠጥቼ ነው የተለየኋቸው።

አሁን 1 ሜትር ከ52 ነው።

ነገ ሚካኤል ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ከላይ እስከ ወንዙ እንጠርጋለን። መጥረጊያና አካፋ ያለው ይዞ ይውጣ። ጭራሮና ቅጠሉ በሦስት ቦታ ይታጠናል። ፌስታልና ላስቲክ ሴቶቹ ባመጡልን ማዳበሪያ ተለይቶ ይታሰራል። ነርሷ እኅታችን፣ ይህን ለሁሉም በር እየዞርኩ ነግሬያለሁ።


የገንዳ ሾፌር — ኅዳር 13

እንዴት ዋለ?


ባለቅያሱ — ኅዳር 16

ስላልጻፍኩ ይቅርታ። ቆንጆ ዋለ። ከቱቦው ብቻ 14 ማዳበሪያ ሙሉ አወጣን። አንድ ቤት ላስቲክ ጫማ እሳቱ ውስጥ ሲጥል እማሆይ በምርኩዛቸው ጎትተው አወጡት።

ዛሬ ማክሰኞ ጋሪው ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲሱ ሥርዓት ገባ። ፊሽካው ሲነፋ ልጆቹ ሮጡ፤ በእናቶቻቸው ተመክረው ነው መሰለኝ «ጋሪው መጣ!» ነው ያሉት። ተረኞቹ ሁለት ጎረምሶች ዳገቱ ላይ ገፉ። አንደኛው ዘግይቶ ስለመጣ የላይኛው ሰፈር ሰዎች ተቆጥተዋል፤ ተራውን በወረቀት ጽፈን ምሰሶው ላይ እንለጥፋለን። ሰባት ቤት አመዱን አልለየም። ገንዘብ ያዡ ዘጠኝ ሰው ገና አልከፈለኝም ብሏል።

ጋሪው ጥጉን ሲያልፍ በሁለቱም በኩል ከስንዝር በላይ ተረፈው። ሊቀ መንበሯ እጇን ከእጀታው ላይ ሳታነሳ አለፈች።

ከቺካጎ ወንድማችን፣ ለአዲሱ ጋሪ የምትልከው ገንዘብ በእድሩ የባንክ ሒሳብ ቢገባ ይሻላል፤ ቁጥሩን በግል እልክልሃለሁ። ጋሪ ገፊዋ እኅቴ፣ ብረት ሠሪው የሳጥኑን ቁመት 80 ሳንቲ ሜትር ላድርገው ይላል። ለዳገታችን ይበዛል ወይስ ልክ ነው? ሐሙስ ብረቱን ከመቁረጡ በፊት መልስሽን እጠብቃለሁ።


ጋሪ ገፊዋ — ኅዳር 16

70 ይሁን። ከኋላ የሚከፈት በርም ያድርግለት፤ ገንዳው ጋ ስትደርሱ ማዳበሪያውን በላይ ከማንሳት ትድናላችሁ። የጎማ ማቆሚያ ድንጋዩን ደግሞ በሰንሰለት ከጋሪው ጋር እሰሩት፤ እንዳይጠፋ።